የእናቴ ማሞግራም «ዴንሲቲ ሲ፣ ባይራድስ 0» ይላል፣ ነገ ወደ ሐይቅ ልንመለስ ነው፣ እባካችሁ የምታውቁ

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ አሰላሙ አለይኩም። ህክምና አካባቢ ያላችሁ ቶሎ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። እናቴ 52 ዓመቷ ነው፣ ሐይቅ ነው የምንኖረው። ግራ ጡቴን ይወጋኛል ስትል ከርማ ደሴ ወስጄ አሳየኋት፣ ዶክተሩ ሲዳስሳት ትንሽ የሚጠጥር ነገር አለ ማሞግራም የሚሉት የጡት ራጅ ትነሳ ብሎ ወደ አዲስ አበባ ጻፈልን። ዛሬ ተነሳች፣ ሪፖርቱንም ሰጡን፣ ግን የሚያስረዳን ሰው የለም፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ለላካችሁ ሀኪም ስጡት» ብላ ፖስታውን አቀበለችን በቃ። ወረቀቱ ላይ ሄትሮጂኒየስሊ ዴንስ፣ ካታጎሪ ሲ ይልና ከታች ደግሞ ባይራድስ 0 ይላል።

ወንድሜ 0 ማለት ምንም የለም ማለት ነው አልሀምዱሊላህ ብሎ ለነገ ሌሊት 11 ሰዓት መኪና ትኬት ቆርጧል። እኔን ግን ያቺ ሲ እንቅልፍ ነስታኛለች፣ ኤ ቢ ሲ ዲ ካለ ሲ ሶስተኛ ደረጃ ማለት አይደል? ካንሰሩ ሶስተኛ ደረጃ ደርሷል ማለት ነው? ለእማ ምንም አልነገርናትም፣ ደህና ነው ብለናታል፣ እሷ ዘመድ ቤት ቁጭ ብላ ለልጆቹ ሽሮ ምናምን ስታዘጋጅ ነው የዋለችው። ደግሞስ ይሄ ዴንሲቲ የሚሉት በምንድነው የሚለካው፣ ሲዳስሷት ነው እንዴ ያወቁት? እባካችሁ።

ኡሙ ሀናን ኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ አብሽሪ። ሲ የካንሰር ደረጃ አይደለም፣ እኔም በተነሳሁ ቁጥር ሲ ነው የሚሉኝ ይኸው ደህና ነኝ አልሀምዱሊላህ። የ0ዋን ነገር ግን ባለሙያ ይንገርሽ። አላህ ያሽርልሽ እናትሽን።

የወልድያው ሬዚደንት፦
እህቴ መጀመሪያ ትኬቱን አስቀይሩት፣ ሌላውን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ። የራዲዮሎጂ ሬዚደንት ነኝ፣ የራጅና የአልትራሳውንድ ምስል ማንበብ እየተማርኩ ያለሁ ሐኪም ማለት ነው።

የሚያስፈራውንና የሚያረጋጋውን ገልብጣችሁ ይዛችሁታል፣ አይፈረድባችሁም፣ የሚያስረዳ ሳይኖር ፖስታ ተሰጥቷችሁ ነው የወጣችሁት። ፊደሏ ስለ ጡቱ ተፈጥሮ፣ ምን ያህል ዴንስ ወይም ጥቅጥቅ ያለ እንደሆነ ነው የምታወራው፣ ባይራድስ የሚባለው ቁጥር ደግሞ ምርመራው የት እንደደረሰ ነው የሚናገረው። ጡት ውስጥ ስብ አለ፣ የወተት እጢና ቱቦ አለ፣ እነሱን ደግፎ የያዘ ክር መሳይ ቲሹ አለ። ኤ የሚባለው ከሞላ ጎደል ሁሉም ስብ ሲሆን ነው፣ ቢ እጢው እዚህም እዚያም ተበትኖ ሲታይ፣ ሲ ጥቅጥቅ ያለው ቦታ በዝቶ ትንሽ እብጠት ሊደበቅበት ይችላል ሲባል፣ ዲ ደግሞ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን። አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሴቶች 10 ያህሉ ኤ፣ 40 ያህሉ ቢ፣ 40 ያህሉ ሲ፣ 10 ያህሉ ዲ ናቸው፣ ግማሹ ሴት ሲ ወይ ዲ ነው ማለት ነው። ስለዚ በሲዋ አትጨነቂ።

የምትጨነቁበት 0 ነው። 0 ማለት ምስሉን ያነበበው ሰው «አልጨረስኩም፣ ሌላ ምስል ካላየሁ መፍረድ አልችልም» እያለ ነው። ምንም የለም የሚባለው 1 ሲሆን ነው። 2 ማለት የታየ ነገር አለ ግን ጉዳት የለውም፣ 3 ጉዳት የሌለው ይመስላል ግን ከ6 ወር በኋላ እንየው፣ 4 ያጠራጥራል ናሙና ይወሰድ፣ 5 በጣም ያጠራጥራል፣ 6 ቀድሞ በናሙና የተረጋገጠ ካንሰር ነው። እናትሽ ካንሰር አለባቸው ያለ የለም፣ የለባቸውም ያለም ደግሞ የለም። ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ አልትራሳውንድ የሚል ቃል ሳይኖር አይቀርም እስቲ እይው።

ለምን 0 እንደሰጡ መገመት አይከብድም። በማሞግራም ላይ ስብ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ እጢው ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ችግሩ እብጠትም ነጭ መሆኑ ነው። ዴንስ ጡት ላይ እብጠት መፈለግ ነጭ ጋቢ ላይ የወደቀ ጥጥ መፈለግ ነው። ስብ በበዛበት ጡት ማሞግራም ካሉት 10 ካንሰሮች 8 ወይም 9ኙን ያገኛል፣ በጣም ዴንስ በሆነው ላይ ግን ወደ 6 ይወርዳል። አልትራሳውንድ በድምጽ ሞገድ ስለሚሰራ እጢውን ነጭ አድርጎ ብዙውን እብጠት ጠቆር አድርጎ ነው የሚያሳየው፣ ፈሳሽ ይሁን ጠጣርም ይለያል። ለዛ ነው ሁለቱ ተደጋግፈው የሚታዩት።

ደግሞ እናትሽ በእጅ የሚዳሰስ ነገር አላቸው ብለሻል። የሚዳሰስ ነገር ያላት ሴት ማሞግራሟ ንጹህ ነው ቢባል እንኳ እዛ ላይ አይቆምም፣ ያቺው ቦታ በአልትራሳውንድ መታየት አለባት። ደሴም አልትራሳውንድ አለ፣ ግን ማሞግራሙን ያነሳው ቦታ ቢያደርጉት ጥሩ ነው፣ አንድ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያል። ካልሆነላችሁም ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ምስሉን በሲዲ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው።

የሐይቅ ልጅ፦
ወይኔ አላህ ይስጥህ ወንድሜ። አሁን አየሁት፣ መጨረሻው መስመር ላይ «አልትራሳውንድ ይመከራል» የሚል አለ፣ እንግሊዝኛው ስለተቆላለፈብን ዝም ብለን ነው ያለፍነው። ወንድሜ ወደ መናኸሪያ ሄዷል ትኬቱን ሊያስቀይር። ነገ ጠዋት እንወስዳታለን።

ግን የሚለካው እንዴት ነው የሚለውን አልመለስክልኝም። አክስቴ ደግሞ ባለፈው ዓመት ተነስታ ቢ ተባለች፣ ዘንድሮ ሌላ ቦታ ተነስታ ሲ አሏት፣ ባሰባት ማለት ነው?

ደሴ ሆጤ፦
ይሄን እኔ ልመልስ፣ ማሞግራም አንሺ ነኝ፣ ትውልዴ ደሴ ስራዬ አዲስ አበባ።

በእጅ አይታወቅም። ሲነካ ጠንከር የሚል ጡት በምስል ሲታይ ስብ ሊሆን ይችላል፣ ልስልሱ ደግሞ ዴንስ ሊወጣ ይችላል፣ መጠኑም አይናገርም። ዴንሲቲ ጠባሳ የላትም፣ ህመም የላትም፣ ምልክት የላትም፣ ምስል ላይ ብቻ ነው የምትታየው።

አነሳሱ እንዲህ ነው። ሴትየዋ ቆማ ጡቷን ጠፍጣፋው ሰሌዳ ላይ እናሳርፋለን፣ ከላይ ግልጽ ፕላስቲክ ቀስ እያለ ይወርድና ይጫናል፣ ማሽኑ ላይ ውፍረቱ በሚሊሜትር ይጻፋል፣ 58፣ 55፣ 52 እያለ ይወርዳል፣ ሲበቃ እናቆማለን፣ ትንፋሽ ያዢ፣ በቃ። ከላይ ወደ ታች አንድ፣ በጎን ዘወር አድርገን አንድ፣ ለሁለቱም ጡት 4 ምስል። መጫኑ ያማል ይባላል እውነት ነው ትንሽ ያማል፣ ግን በደንብ ካልተጫነ ቲሹው ተደራርቦ የሌለ ጥቅጥቅታ ያሳያል፣ ውፍረቱም ስለሚሳሳት ልኬቱ ይበላሻል። እናቶቻችን ከወሎ ሲመጡ የማያቸው ነገር ስላለ ልንገራችሁ፣ ጠዋት ብብት ስር ዲዮድራንት፣ ፓውደር፣ ቅባት አይቀቡ፣ ዲዮድራንቱ ውስጥ ያለው ብናኝ ምስሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣና ካልሲየም ነው እየተባለ ያስደነግጣል። ማተብም ክታብም ካለ ለዛች ደቂቃ ከደረት ዘወር ይበል። ወንድ ፊት አልገለጥም የሚሉ እናት ካሉ ደግሞ ስትመዘገቡ ሴት ባለሙያ ትሁንልን በሉ፣ ተሳቀው ሰውነታቸውን ሲያጠብቁ ምስሉም ጥሩ አይወጣም፣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ወደ ልኬቱ ስመለስ፣ አብዛኛው ቦታ መለኪያው አይን ነው። ራዲዮሎጂስቱ 4ቱን ምስል አይቶ ፊደል ይሰጣል። በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ጆን ዎልፍ የሚባል አሜሪካዊ ራዲዮሎጂስት ነው የጡትን ምስል በአራት መልክ ከፍሎ ከካንሰር ጋር ያያያዘው። ኋላ የአሜሪካ ራዲዮሎጂስቶች ኮሌጅ ባይራድስ የሚባለውን የሪፖርት አጻጻፍ ደንብ አወጣ፣ ድሮ በመቶኛ ነበር ከ25 በታች፣ ከ25 እስከ 50 እያለ የሚሄድ፣ ከ2013ቱ እትም ወዲህ ግን መቶኛውን ትተውት ዋናው ጥያቄ ሊደብቅ የሚችል ቦታ አለ ወይ የለም ሆኗል። ስለዚ አብዛኛው ጡት ስብ ሆኖ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ጥቅጥቅ ያለ ቢሆን እንኳ ሲ ሊባል ይችላል። ሁለቱ ጡት ከተለያየም የሚጻፈው የባሰው ነው።

አይን ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ በ2016 የወጣ ጥናት 83 ራዲዮሎጂስቶችን አወዳድሮ ነበር፣ አንዱ ካያቸው ሴቶች 6 በመቶውን ብቻ ዴንስ ሲል ሌላው 84 በመቶውን ዴንስ ብሏል። በጣም የሚለያየው ቢ እና ሲ ድንበር ላይ ነው፣ የአክስትሽም ነገር እዛው ድንበር ላይ ያለ ይመስለኛል፣ ሌላ ሰው አነበበው በቃ።

ለዛ ነው ሶፍትዌር የመጣው። ቶሮንቶ ውስጥ እነ ኖርማን ቦይድ የሚባሉ ተመራማሪዎች የሰሩበት ኩሙለስ የሚባል አለ፣ ሰውየው ኮምፒውተሩ ላይ የጡቱን ዳርና የነጩን ዳር ይወስናል፣ ነጩ ስፋት ለጠቅላላው ስፋት ይካፈላል። አሁን ያሉት እነ ቮልፓራ፣ ኳንትራ ደግሞ የሰው እጅ አይፈልጉም፣ ስፋት ሳይሆን ይዘት ነው የሚያሰሉት፣ ጨረሩ በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ ስንት ቲሹ አልፎ እንደወጣና ጡቱ ሲጫን ስንት ሚሊሜትር እንደነበረ አይተው እጢው ስንት ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው ይላሉ። ለምሳሌ ጡቱ 600 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሆኖ እጢው 60 ከሆነ 10 በመቶ። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል፣ 10 በመቶ ትንሽ ይመስላል ግን በቮልፓራ 10 በመቶ ሲ ነው፣ ከ15.5 በላይ ዲ ነው። ያው ጡት በስፋት ቢለካ 50 ወይ 60 በመቶ ሊባል ይችላል። በተለያየ ዘዴ የተለካ ቁጥር እንዳታወዳድሩ። ኤምአርአይም ይለካል፣ ያለ ጨረር፣ ግን ዴንሲቲ ለመለካት ብሎ ኤምአርአይ የሚያዝ የለም።

ሰኞ ገበያ፦
ይቅርታ አድርጉልኝ ግን ልጅቷን ዝም ብላችሁ አብሽሪ አትበሏት። ዴንስ የሆነ ጡት ካንሰር በ5 እጥፍ ይጨምራል ተብሎ ተጽፎ አንብቤያለሁ፣ እህቴም ዲ ተብላለች። ደግሞ ይሄ ሁሉ ማሞግራም አልትራሳውንድ ተመላለሱ እየተባለ ጨረሩስ አይጎዳም ወይ? ሰው ከሐይቅ ከወልድያ ከአቀስታ ከብት ሸጦ ነው አዲስ አበባ የሚሄደው።

የወልድያው ሬዚደንት፦
ሰኞ ገበያ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ያነበብከው የመጣው ከዛው ከቦይድ በፈረንጆቹ የ2007 ጥናት ነው፣ ቁጥሩ 4.7 ነው፣ ግን የተወዳደሩት ሁለቱ ጫፎች ናቸው፣ 75 በመቶና ከዛ በላይ ዴንስ የሆነ ጡት ያላቸው ከ10 በመቶ በታች ካላቸው ጋር። ከአማካይዋ ሴት ጋር ስታወዳድር ሲ ላይ ያለው ጭማሪ ትንሽ ነው፣ 1.2 እጥፍ ገደማ፣ ዲ ላይ ወደ 2 እጥፍ። ዲ የተባለችው እህትህ ችላ አትበለው፣ ግን 5 እጥፍ ብላችሁ አታስፈራሯት። በዛው ጥናት ላይ ሌላም ነገር አለ፣ ንጹህ ነው ከተባለ በኋላ ዓመት ሳይሞላ የሚወጣ ካንሰር ዴንስ ጡት ላይ በጣም ይበዛል፣ ምክንያቱም መጀመሪያም ነበረ፣ ተደብቆ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

ሆላንዶች ይሄን ፈትነውታል። እድሜያቸው ከ50 እስከ 75 የሆኑ፣ ጡታቸው በጣም ዴንስ የሆነ፣ ማሞግራማቸው ንጹህ የተባለ ከ40,000 በላይ ሴቶች ወስደው የተወሰኑትን ለኤምአርአይ ጋበዙ፣ በ2019 ውጤቱ ሲወጣ በሁለቱ ምርመራ መሀል የወጣው ካንሰር ካልተጋበዙት ከ1,000 ሴት 5፣ ከተጋበዙት 2.5 ሆነ። እኛ ጋ ለሁሉም ኤምአርአይ ይነሳ ማለት የማይሆን ነገር ነው፣ ስለዚ አልትራሳውንዱን አጥብቆ መያዝ ነው። አልትራሳውንድ ድክመት አለው፣ ጉዳት የሌለውንም ነገር አግኝቶ ናሙና ይወሰድ ያስብላል፣ ይሄን አውቃችሁ ግቡ። አሜሪካ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ማሞግራም የሚያነሳ ቦታ ሁሉ ጡትሽ ዴንስ ነው ወይም አይደለም ብሎ ለሴትየዋ በጽሁፍ እንዲነግር አስገድደዋል። እኛም ጋ በአማርኛ ሁለት መስመር ቢጻፍላቸው ይሄ ሁሉ ግራ መጋባት ባልመጣ ነበር፣ ይሄ ይቆጨኛል ሁልጊዜ።

ጨረሩን በተመለከተ፣ አልትራሳውንድ ጨረር የለውም። ማሞግራም ለሁለቱ ጡት 0.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፣ ሰው ምንም ሳይነሳ ከአፈሩ ከሰማዩ በ7 ሳምንት ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል። የገንዘቡ ነገር ግን ልክ ነህ፣ ለዛ ነው ሄዳችሁ ሳትጨርሱ አትመለሱ የምለው፣ ሁለተኛ ጉዞ ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ብዙ እናቶች ደግሞ 0 ይዘው ሄደው በዛው ይቀራሉ።

መርሳ፦
በዚሁ እኔም ልጠይቅ። ታናሽ እህቴ 27 ዓመቷ ነው፣ ታጠባለች፣ ቀኝ ጡቷ ላይ እንደ ለውዝ ፍሬ የምትሆን ነገር አገኘች። ጎረቤቶች የወተት ነው ይታሽ እያሉ ነው። ማሞግራም ልውሰዳት?

የወልድያው ሬዚደንት፦
መርሳ፣ አይታሽ። ከ30 ዓመት በታች ከሆነች የሚጀመረው በአልትራሳውንድ ነው፣ በዚህ እድሜ ጡት ዴንስ ነው፣ ስታጠባ ደግሞ ይብሳል፣ ማሞግራም ብዙ አያሳይም። ወልድያም ደሴም ይሰራላታል። ከመግባቷ በፊት ህጻኑን ታጥባው ወይም ወተቱን ታውጣው፣ ማጥባት አታቁም። አብዛኛውን ጊዜ የወተት ወይም ጉዳት የሌለው እጢ ነው፣ ግን የወተት ነው የሚባለው ከታየ በኋላ ነው። ቀልቶ ከሞቀና ትኩሳት ካላት ዛሬ ነገ ሳትሉ ውሰዷት።

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም፣ ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው። ዛሬ ጠዋት ሄድን፣ አልትራሳውንዱን የሰራቻት ዶክተር ሴት ነበረች፣ የማሞግራሙን ምስል ኮምፒውተር ላይ ከፍታ ያቺን ቦታ እያየች ነው ያደረገችላት። ፈሳሽ የያዘ ሲስት ነው አለች፣ 14 ሚሊሜትር፣ ግድግዳው ቀጭን ነው ውስጡም ጥርት ያለ ነው፣ አሁን ባይራድስ 2 ብላ ጻፈችልን። የሚወጋትም ከሱ ሊሆን ይችላል፣ ካስቸገራት ደሴ በመርፌ ይቀዳላታል አለች። አልሀምዱሊላህ! እማ ሲነገራት «እና እስከዛሬ ምን ብላችሁ ነበር የዋሻችሁኝ» ብላ ተቆጣችን፣ ተገቢ ነው።

ዶክተሯ ሲ ስለሆነች በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱንም አንድ ላይ ትነሳ አለች። ሲዲውንም ሰጡን። የወር አበባዋ ገና አልቆመም፣ ለቀጣዩ የሚጠቅም ነገር ካለ ንገሩኝ።

ደሴ ሆጤ፦
ማሻ አላህ ደስ ይላል። የወር አበባዋ ካለ ከመጣ በኋላ ባለው ሳምንት ብትነሳ ይሻላል፣ ያኔ ሲጫን ብዙ አያማትም። ሲቆም እጢው ቀስ በቀስ ወደ ስብ ስለሚቀየር ፊደሏ ወደ ቢ ልትወርድ ትችላለች፣ ለማረጥ የሚሰጥ ሆርሞን ከወሰደች ደግሞ ልትጨምር ትችላለች፣ ስለዚ የምትወስደውን መድሃኒት ስትመዘገብ ተናገሩ። ሲዲው ይጫጫራል፣ ፍላሽ ላይም ገልብጡት። በሚቀጥለው ስትሄዱ ሳትነሳ በፊት ነው የምትሰጧቸው፣ የድሮውን ካላየ ራዲዮሎጂስቱ አዲስ ነገር ይሁን የነበረ አያውቅምና እንደገና 0 ሊሰጣት ይችላል። እናንተ እህትማማቾች ካላችሁም በዚህ ምክንያት ብቻ አትደናገጡ፣ ዴንሲቲ በዘር የሚወረስ ነገር አለው ግን የእናትሽ ሲስት ነው።

የሐይቅ ልጅ፦
እሺ፣ ወንድሜ ፍላሽ ሊገዛ ወጥቷል። መርሳ፣ የእህትሽ ነገር እንዴት ሆነ?

መርሳ፦
ቅዳሜ ገበያ ነው መኪና ይሞላል፣ አርብ በጠዋት ወልድያ እወስዳታለሁ። ህጻኑንም ይዘነው ነው የምንሄደው።